ከ10ኛ ክፍል መጀመር አያሳፍርም

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከስድስት ኪሎ ነው። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ይዤ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ነርስ ነኝ። የምሠራው መሃል ከተማ በሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። የምኖረው ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። ዲግሪ ያላቸውን የሚቀበል የሕክምና ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ለመውሰድ እየተዘጋጀሁ ነው። አምና ሞክሬ ነጥቤ አልሞላም። ባዮሎጂው አያሳስበኝም። እንግሊዝኛውም ደህና ነው። ኬሚስትሪ ግን ገደለኝ። ከዱቲ ስወጣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ እስኪደክመኝ እቸክላለሁ። ዩቲዩብ ላይ ሳየው ሁሉም ነገር ይገባኛል። ጥያቄ ፊት ስቀመጥ ግን ባዶ ነኝ። አስጠኚ ቀጥሬም ነበር። እሱ ሲሠራው ቀላል ነው፣ ተነስቶ ሲሄድ ምንም አይቀርልኝም። አሁን ቴሌግራም ላይ ያሉ የድሮ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ሰብስቤ ልሸመድዳቸው አስቤያለሁ። ወንድሜ ‹የእኔን የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ አንብቢ› ይለኛል። በዚህ ዕድሜዬ፣ ዲግሪ ይዤ፣ የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ ዘርግቼ ሰው መሃል መቀመጥ አሳፈረኝ። እናቴ ደግሞ ‹የያዝሽውን ሥራ አጥብቀሽ ያዢ፣ ምን ጎደለሽ?› ትላለች። አራት ወር ቀርቶኛል። ልተወው? የሠራኋቸውን ሦስት ገጾች ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። እባክዎ ይዩልኝ።
ኬሚስትሪ ያቃጠላት፣ ከስድስት ኪሎ»

ውድ እህቴ፣

አትተይው። ዋናውን መልስ አስቀድሜ የነገርኩሽ ምክንያቱን በጭንቀት ሳይሆን በተረጋጋ ልብ እንድታነቢው ነው።

ከደብዳቤሽ ይልቅ ብዙ የነገሩኝ የላክሻቸው ገጾች ናቸው። ለብዙ ዓመታት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ። ተማሪ መጥቶ «ኬሚስትሪ አይገባኝም» ሲለኝ እስቲ ደብተርህን አሳየኝ ነው የምለው። ኬሚስትሪ ብዙ ክፍል ያለው ትምህርት ነው፤ ሁሉም በአንዴ አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ የጠፋው አንዱ ነው። እሱ ግን ከኋላው የሚመጣውን ሁሉ ይዞት ይሄዳል።

የአንቺንም ገጾች እርሳስ ይዤ መስመር በመስመር አየኋቸው። ኢኩዌሽን ባላንስ ማድረግ ትችያለሽ። የአቶም ስትራክቸር ጥያቄዎችሽ በሙሉ ልክ ናቸው። የኦርጋኒክ ስያሜ ላይ የሳትሽው አንዷን ብቻ ነው፤ እሷንም ካርቦን ስትቆጥሪ ተቻኩለሽ ነው። የወደቅሽባቸው ጥያቄዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ውስጣቸው ሞል፣ ማለትም የኬሚስትሪ የብዛት መቁጠሪያ፣ አለ። ስቶይኪዮሜትሪውም (የሪአክሽን ሒሳቡ)፣ ጋዙም፣ ሶሉሽኑም፣ አሲድና ቤዙም። አራት ምዕራፍ የጠፋብሽ መስሎሻል እንጂ የጠፋብሽ አንድ ነገር ነው።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለችውን የአሞኒያ ጥያቄ አስታውሺ። 28 ግራም ናይትሮጅንና 3 ግራም ሃይድሮጅን ተሰጥቶሻል፤ ስንት ግራም አሞኒያ ይወጣል ነው ጥያቄው። ኢኩዌሽኑን ልክ ጽፈሻል፦ አንድ ናይትሮጅን፣ ሦስት ሃይድሮጅን፣ ሁለት አሞኒያ። ግራሙንም ወደ ሞል ልክ ቀይረሻል፦ ናይትሮጅን 1 ሞል፣ ሃይድሮጅን 1.5 ሞል። እዚህ ድረስ እጅሽ የሚያውቀውን ሠራ። ከዚያ «1 ከ1.5 ያንሳል፣ ስለዚህ ሊሚቲንጉ (ቀድሞ የሚያልቀው) ናይትሮጅን ነው» ብለሽ 2 ሞል አሞኒያ፣ 34 ግራም አልሽ።

አሁን የገባውንና የወጣውን መዝኚ። የገባው 28 እና 3፣ በድምሩ 31 ግራም ነው። አንቺ ያወጣሽው 34 ግራም ነው። ሦስቱ ግራም ከየት መጣ? ከየትም አይመጣም። መልሱን ካገኘሽ በኋላ ይህችን አንድ ጥያቄ ለራስሽ ብትጠይቂ ኖሮ ስህተቱን ራስሽ ትይዢው ነበር።

ስህተቱ ያለው ማነጻጸሩ ላይ ነው። የሚያልቀው በቁጥር ያነሰው አይደለም፤ ከሚያስፈልገው አንጻር ያነሰው ነው። አንድ ድስት ሦስት ጉልቻ ይፈልጋል። ሁለት ድስትና ሦስት ጉልቻ ካለሽ በቁጥር የሚያንሰው ድስቱ ነው፤ ቀድሞ የሚያልቅብሽ ግን ጉልቻው ነው። የሚጣደው አንድ ድስት ብቻ ነው። ያንቺም ጥያቄ እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱን ሞል ኢኩዌሽኑ ላይ ፊቱ ላለው ቁጥር አካፍዪ። ናይትሮጅን 1 ለ1 ሲካፈል 1። ሃይድሮጅን 1.5 ለ3 ሲካፈል 0.5። ትንሹ የሃይድሮጅን ነው፤ ሊሚቲንጉ እሱ ነው። 1 ሞል አሞኒያ፣ 17 ግራም ይወጣል። ግማሽ ሞል ናይትሮጅን፣ ማለትም 14 ግራም፣ ይተርፋል። 17 እና 14 ስትደምሪ 31። ሒሳቡ ገጠመ።

ፈተና የሚያወጡ ሰዎች ይህን ስህተት ጠንቅቀው ያውቁታል። ከምርጫዎቹ መሃል 34 ግራም ተቀምጦ እንደሚጠብቅሽ አትጠራጠሪ። መልሱ ምርጫ ውስጥ አለ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም።

የጋዟ ጥያቄም ያው ናት። ግማሽ ሞል ኦክስጅን፣ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 1 አትሞስፌር፤ ቮልዩሙ ስንት ነው? 22.4ን በግማሽ አባዝተሽ 11.2 ሊትር አልሽ። 22.4 የሚሠራው ግን በ0 ዲግሪና በ1 አትሞስፌር ብቻ ነው። 27 ዲግሪ ማለት 300 ኬልቪን ነው። 0.5 ሲባዛ በጋዝ ቋሚው ቁጥር በ0.082 ሲባዛ በ300፤ 12.3 ሊትር። 22.4ን ብዙ ተማሪ የትም ቦታ እንደምትሠራ አድርጎ ነው የሚሸመድዳት። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። እናትሽ ቤት ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አብርሆት ተቀምጠሽ አንድ ሞል ጋዝ ብትለኪ 22.4 ሳይሆን ከ30 ሊትር በላይ ታገኛለሽ። ስለዚህ 22.4ን ከመጻፍሽ በፊት ሙቀቱንና ግፊቱን አንብቢ።

ሞልን የማታውቂ ይመስልሻል። እኔ ግን ታውቂዋለሽ ነው የምልሽ፤ በየቀኑ በእጅሽ ትሰቅዪዋለሽ።

ነገ ዱቲ ስትገቢ አንድ የኖርማል ሳላይን ከረጢት አንሺና ጽሑፉን አንብቢ። 0.9 በመቶ ይላል። 0.9 በመቶ ማለት 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.9 ግራም ጨው ነው፤ አንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም። አንድ ሞል ሶዲየም 23 ግራም፣ ክሎሪን 35.5 ግራም፣ ድምሩ 58.5። 9ን ለ58.5 ስታካፍዪ 0.154 ሞል ታገኛለሽ፤ በሚሊ ሞል 154። አሁን ከረጢቱን እንደገና እዪው። ሶዲየም 154፣ ክሎራይድ 154 ተብሎ ተጽፏል። ለታካሚ ስትተክዪው የኖርሽው ቁጥር ያንቺው ስቶይኪዮሜትሪ ነው። ከየት እንደመጣ ማንም ቁጭ አድርጎ ስላላሳየሽ ነው እንጂ።

የ5 በመቶውን ግሉኮስ ደግሞ ራስሽ ሥሪው። የግሉኮስ ሞላር ማስ (የአንድ ሞል ክብደት) 180 ነው። በሊትር 278 ሚሊ ሞል አካባቢ ካልመጣልሽ የሆነ ቦታ ሸርተት ብለሻልና ተመለሺ። የ40 በመቶውንም ግሉኮስ ታውቂዋለሽ። ከእሱ 100 ሚሊ ሊትር የ10 በመቶ ሶሉሽን አውጪ ብትባዪ 25 ሚሊ ሊትር ከ75 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ነው። ይህ ፈተናው ላይ «ዳይሉሽን» በሚል ስም የሚመጣው ጥያቄ ነው። እዚያ ስታዪው የምትደነግጪው ሌላ ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ነው።

ስለዚህ ወንድምሽ ልክ ነው። እንዲያውም እኔ አንድ ክፍል ዝቅ አደርግሻለሁ። አሁን ባለው ሥርዓተ ትምህርት ስቶይኪዮሜትሪ ያለው 10ኛ ክፍል የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ሶሉሽን ነው። ከእነዚህ ጀምሪ። ከዚያ የ11ኛውን ጋዝና ኢኩሊብሪየም፣ ከዚያ የ12ኛውን አሲድና ቤዝ። በዚህ ቅደም ተከተል፤ ሳትዘዪ።

ስለ ማፈሩ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ሞልን 9ኛና 10ኛ ክፍል ስትማሪ እንዴት እንደተማርሽው መገመት አያቅተኝም። የእናንተ ዘመን ልጆች ብዙዎቻችሁ ሳይንስን የተማራችሁት ከፕላዝማ ነው። መምህሩ ስክሪን ውስጥ ሆኖ በፈጣን እንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጥና መልሱን ራሱ ይናገራል። ገባሽ አልገባሽ አይቆምም። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር የቀረችውን ደቂቃ ተሻምቶ ለማብራራት ሲል ደወል ይደወላል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። በዚያ መንገድ ሞልን ያለፈ ልጅ ሞል ቢጠፋበት የልጁ ድክመት አይደለም። ያኔ ያልተሰጠሽን አሁን መውሰድ መብትሽ ነው። አብርሆት ውስጥም ቢሆን ሰው ሁሉ የየራሱ ፈተና አለበት፤ አንገቱን አስግጎ ያንቺን መጽሐፍ ሽፋን የሚያይ የለም።

አሁን ወደ አጠናንሽ ልምጣ። ብዙ የምቆየው እዚህ ላይ ነው፤ አራቱ ወር የሚበላው ወይም የሚተርፈው እዚህ ነውና።

«ዩቲዩብ ላይ ሳየው ይገባኛል» ብለሻል። አምንሻለሁ። ግን የገባሽ የእሱ አሠራር ነው። ሌላ ሰው ሲሠራ ማየትና ራስ መሥራት ሁለት የተለያየ ነገር ነው፤ አይቪ መትከልን በማየት ብቻ እንዳልተማርሽ ታውቂያለሽ። ደም ሥር ጠፍቶብሽ፣ አሁንም ጠፍቶብሽ ነው እጅሽ የተፈታው። ኬሚስትሪም ወረቀት ላይ ነው የሚለመደው። ቪዲዮ ስትከፍቺ ጥያቄው እንደተነበበ አቁሚው። ፕላዝማው አይቆምም ነበር፤ ይሄ ይቆማል። አሥር ደቂቃ ታገዪ። ባይወጣም ታገዪ። የደረስሽበትን ጻፊ። ከዚያ ክፈቺና ከየት ላይ እንደተለያያችሁ እዪ። ቪዲዮው ሲያልቅ ዝጊው፣ ወረቀቱንም ገልብጪው፣ ያንኑ ጥያቄ ከባዶ ሥሪው። በማግስቱ ደግሞ አንድ ጊዜ። በዚህ አካሄድ በቀን የምትሠሪው አምስት ወይም ስድስት ጥያቄ ቢሆን አይከፋኝም። ሃምሳ ጥያቄ ከነመልሱ አንብቦ ከመተኛት ይሻላል።

አስጠኚም ብትቀጥሪ ደግ ነው፤ አራት ኪሎ የሳይንስ ግቢው ደጃፍሽ ላይ ነው፣ ኬሚስትሪ የሚማሩ ጎበዝ ልጆች አይጠፉም። ግን አንድ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙ፦ እስክሪብቶው ካንቺ እጅ አይወጣም። እሱ ይቀመጥና ይይሽ። ስትሳሳቺ ወዲያው አያርምሽ፤ «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» ብሎ ይጠይቅሽ። ያለፈው አስጠኚሽ መጥፎ ሰው ነው አልልም፤ የከፈልሽው ግን እሱ ሲሠራ ለማየት ነበር።

ሌላም ነገር ገጾችሽ ላይ አየሁ። እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው፣ እውነት ነው። ግን ጥያቄውን አንብበሽ ሳትጨርሺ ቁጥሮቹን መልቀም ትጀምሪያለሽ። ቁጥሮቹን ከሰበሰብሽ በኋላ የምትከቻቸው ፎርሙላ ትፈልጊያለሽ። ይህን ተዪ። ቁጥር ከመንካትሽ በፊት ጥያቄውን በአማርኛ ለራስሽ ተርኪው። «ናይትሮጅን አለ፣ ሃይድሮጅን አለ። የቱ ቀድሞ ያልቃል? እሱ ሲያልቅ ስንት አሞኒያ ተሠርቷል?» በቃ። ጥያቄውን በገዛ አፍሽ መናገር ካቃተሽ ገና አልገባሽም ማለት ነው፤ ካልኩሌተር ማንሳት የለብሽም። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ዩኒቱን ጻፊ። ግራም ከሆነ ግራም፣ ሞል ከሆነ ሞል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት ቦታ ግራምን ከሞል ጋር ደምረሻል፤ ዩኒት ብትጽፊ ዓይንሽ ራሱ ይከለክልሽ ነበር።

ሽምደዳን በተመለከተ፦ መሸምደድ ያለበት አለ። የአየኖችን ስምና ቻርጅ፣ ናይትሬት፣ ሰልፌት፣ ፎስፌት፣ ካርቦኔት፣ አሞኒየም፤ እነዚህን ሸምድጃቸው። የተለመዱትን የጠንካራ አሲዶች ዝርዝር ሸምድጂ። የ2 ሎግ 0.3፣ የ3 ሎግ 0.48 እንደሆነ ሸምድጂ፤ ካልኩሌተር ከተከለከለ ያድንሻል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመሽ የምትሠሪው ይሄን ነው። የቴሌግራሙን ጥያቄ ከነመልሱ መሸምደድ ግን ጊዜሽን መጣል ነው። ቁጥሩን ከ28 ወደ 7 ሲቀይሩት የሸመደድሽው መልስ ያሳስትሻል። ደግሞ እዚያ ከሚዞሩት ፒዲኤፎች መሃል መልሳቸው ራሱ የተሳሳተ ብዙ አይቻለሁ። «የዘንድሮው ፈተና ወጣ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰው ከመጣ ወዲያው ብሎክ አድርጊው። ጥያቄዎቹን መለማመጃ አድርጊያቸው፤ መልሱን ሸፍነሽ።

አሲድና ቤዝ ላይ ስትደርሺ ደግሞ ነርስነትሽ ዳግመኛ ይደርስልሻል። የደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 እንደሆነ በእንቅልፍሽም ታውቂዋለሽ። እሱን የሚጠብቀው ባፈር ባይካርቦኔትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ባይካርቦኔቱ 24 ሚሊ ሞል፣ የተሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1.2 ሚሊ ሞል ቢሆን ሬሾው 20 ነው። የ20 ሎግ 1.3። የዚህ ባፈር ፒኬኤ (ቋሚ ቁጥሩ) በሆነው 6.1 ላይ ስትደምሪው 7.4። ያስፈራሽ የነበረው የባፈር ፎርሙላ ይህ ነው፤ ታካሚ አልጋ አጠገብ ቆሞ የሚሠራ ሒሳብ።

ኢኩሊብሪየሙንም እዚያው ታገኚዋለሽ። ደንግጣ በፍጥነት የምትተነፍስ ልጅ ድንገተኛ ክፍል መጥታ አይተሻል። ጣቶቿን ይነዝራታል፣ ከንፈሯ ይደነዝዛል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከልክ በላይ ስታወጣው ሪአክሽኑ የጎደለውን ለመተካት ወደዚያ ያዘነብላል። ሃይድሮጅን አየን እየተበላ ይሄዳል። ፒኤቹ ይወጣል። ለሻትሊዬ የተባለው ሳይንቲስት ያለው ይህንኑ ነው። የስኳር በሽተኛው በኪቶን ታፍኖ ረጅምና ጥልቅ ትንፋሽ ሲተነፍስም ሰውነቱ አሲዱን ለመቀነስ በዚሁ መንገድ እየታገለ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ መጥቶ አጠገብሽ የሚፈተን ልጅ ይህን በዓይኑ አላየም። አንቺ አይተሻል። ይህን ትልቅ ነገር ነው የምለው።

ሰዓትሽን በሚመለከት ብዙ አልልም፤ ሺፍትሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። አንድ ነገር ብቻ፦ ናይት አድረሽ በቀጥታ ቤተ መጻሕፍት አትግቢ። ዓይንሽ ያያል፣ አንጎልሽ አይመዘግብም። ከዚያ «አይገባኝም» ትያለሽ፤ ያልገባሽ ስላልተኛሽ ነው። ቤት ሂጂ፣ ብዪ፣ ተኚ። ከሰዓት በኋላ የትናንቱን ጥያቄ ደግመሽ ሥሪ። አዲስ ምዕራፍ ለዕረፍት ቀንሽ አስቀምጪው። ባዮሎጂውንም አትርሺው፤ በሳምንት አንድ ቀን ስጪው። ጎበዝ የሆንሽበት ሲደርቅ ያናድዳል።

ወንድምሽ ደግሞ ከምታስቢው በላይ ይጠቅምሻል። ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት አስተምሪው። በተለይ ሊሚቲንግ ሪኤጀንትን። «ለምን ለሦስት ታካፍያለሽ?» ብሎ ሲያፋጥጥሽና መልስ ስታጪ፣ ያኔ ቀዳዳሽ የት እንዳለ ታውቂያለሽ። እሱም ከፊቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለበት። የ2014ን ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ያልሰማ ተማሪ የለም፤ በሆዱ ፍርሃት አለበት። አብራችሁ ብትሠሩ ለሁለታችሁም ነው።

እናትሽን አትቀየሚያት። «ምን ጎደለሽ?» ያለችሽ ናይት አድረሽ፣ ሳትበዪ፣ ደብተር ይዘሽ ስትወጪ እያየች ነው። ሥራሽን እንዳለቀቅሽ፣ ፈተናው መቼ እንደሆነ፣ እስከዚያ ምን እንደምታደርጊ ቁጭ ብለሽ ንገሪያት። የሚያስጨንቃት መጨረሻውን አለማወቋ ይመስለኛል። አንድ ቀን የሳላይኑን ከረጢት ሒሳብ አስረጃት፤ ሞሉ ባይገባትም ልጇ የምታደርገው ነገር ምን እንደሆነ ይገባታል።

«ልተወው?» ላልሽው እንደገና ልመለስ፤ ዝም ብሎ «በርቺ» ማለት አልፈልግም። ከዛሬ ጀምሮ ስድስት ሳምንት ለሞል፣ ለሶሉሽንና ለጋዝ ስጪ። ስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ያላየሽውን የድሮ ፈተና ሰዓት ይዘሽ፣ ስልክ ዘግተሽ ሥሪ። ከዚያ ስህተቶችሽን ለያቸው። ሞል ያለባቸው ጥያቄዎች ላይ ስህተትሽ ቀንሶ ከሆነ፣ ነጥቡ ገና ባይሞላም ቀጥዪ፤ የቀረው ጊዜ ለአሲድና ቤዝ፣ ለኢኩሊብሪየምና ለኦርጋኒኩ ይበቃሻል። ምንም ካልተነቃነቀ ደግሞ ዘንድሮ ራስሽን አታሠቃዪ፣ ለሚቀጥለው ዙር አስተላልፊው። ማስተላለፍ መተው አይደለም። ሥራ አለሽ፣ ደሞዝ አለሽ፣ 27 ዓመት ለሕክምና ትምህርት ያለፈበት ዕድሜ አይደለም። ግን ውሳኔው በስድስተኛው ሳምንት ወረቀትሽ ላይ ተመሥርቶ ይሁን፤ ናይት አድረሽ ደክሞሽ ባለቀስሽበት ማለዳ አይሁን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሠራሽውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። አሳምረሽ የገለበጥሽውን አይደለም፤ የተሰረዘውንና የተሳሳትሽበትን ገጽ። የ5 በመቶውን ግሉኮስ ሒሳብም አብረሽ ላኪልኝ።